ከምክትል ሥራ አስኪያጅነት ወደ ጁኒየር የቡና ጥራት ባለሙያነት፦ የሄዳችሁበት ካላችሁ ምከሩኝ

የአዌቱ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ የአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነኝ። አርባ ልደፍን ጥቂት ቀርቶኛል፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ባንክ የገባሁት ተመርቄ እንደወጣሁ በገንዘብ ተቀባይነት ነው፤ ከዚያ ብድር ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቼ እዚህ ደረስኩ። አሁን አንድ ቡና ላኪ ድርጅት እዚሁ ከተማ ባለው መጋዘኑ ሥራ ሰጥቶኛል። መደቡ ጁኒየር የጥራት ባለሙያ ነው። በሥሬ አንድም ሰው አይኖርም። አለቃዬ የሚሆነው ልጅ በአሥር ዓመት ያንሰኛል።

ብድር ክፍል ሳለሁ የነጋዴዎችን መጋዘን ለማየት ሊሙ፣ ጎማ፣ ማና፣ ጌራ እወጣ ነበር። አጋሮ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ለእኔ ምንም ልዩነት የማይታየኝን ሁለት ጆንያ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) አሽትተው፣ ይሄ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ የደረቀ ነው፣ ያኛው መሬት ላይ ነው ብለው ለዩልኝ። ጠየቅኩ፤ ልክ ነበሩ። ያን ቡና ዋስትና አድርጌ የምመዝን እኔ፣ ስለ ቡናው ግን የማውቀው ክብደቱንና ዋጋውን ብቻ! ከዚያ ወዲህ ይህን ሙያ መማር ከልቤ አልወጣም። ዛሬ ቀኔ የሚያልፈው የተቀማጭ ገንዘብ ዕቅድ በማሳደድ ነው፤ ሥራው ክቡር ነው፣ እኔ ግን ጨርሼዋለሁ።

የሚያስጨንቀኝ ደሞዜ በሲሶ መቀነሱ፣ በሠራተኛ ወለድ የወሰድኩት የቤት ብድር፣ ከዚያም የሰው ወሬ። እናቴ «ኃላፊነት ትተሽ ቡና ልትለቅሚ ነው?» ብላ ሁለት ቀን አኩርፋለች። ለቃሚ ሴቶቹን ንቃ አይደለም፤ እሷም በወጣትነቷ ለቅማለች፣ ያሳደገችኝም በዚያ ነው። ለዚህ ነው የከበደኝ። ባለቤቴ መምህር ነው፣ «እንቻለው» ይላል። ደረጃ ዝቅ ብላችሁ ሥራ የቀየራችሁ፣ ምን ቀረባችሁ? ቀድሜ ምን ልጠይቅ?

የሒርማታ ሰው

እህቴ፣ እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቡድን መሪ ነበርኩ፤ በአርባ ሁለት ዓመቴ ተራ ባለሙያ ሆኜ ሌላ ቦታ ገባሁ። ደሞዙን ቤተሰብ ተማክሮ ይለምደዋል። የከበደኝ ስብሰባ ነው። ሰው ሲሳሳት እያየህ ማንም አይጠይቅህም። ለቅሶ ቤት ደግሞ «አሁን የት ነህ?» ሲሉህ መልሱ ያጥራል። እሱም በዓመቱ አለፈ፤ ዛሬ ማንም አያስታውሰውም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ወጣቱ አለቃሽ በሰው ፊት ሲሳሳት በሰው ፊት አታርሚው። ለብቻው ንገሪው። እኔ ጋ የነበረው ልጅ ያንን ካየ በኋላ ከባድ ነገር ሲገጥመው በራሱ ጊዜ ይጠራኝ ጀመር። የእናትሽን ነገር ለጊዜ ተዪው፣ አላህ ያግራው።

መዝገብ ቤት (አዲስ አበባ)

የሰው ሀብት ሥራ ላይ ነኝ። ከማዕረጉ በፊት የብድሩን ጉዳይ አጣሪ፤ ሰው የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው። በሠራተኛ ወለድ የተወሰደ ብድር ስትለቂ ብዙ ጊዜ ወደ መደበኛው ወለድ ይዞራል፤ አንዳንድ ውል ደግሞ ቀሪውን በአንዴ ክፈል ይላል። የፈረምሽውን ውል አውጥተሽ ያንን አንቀጽ አንብቢ፤ አዲሱን ወርሃዊ ክፍያም በጽሑፍ ጠይቂ። በቃል የተነገረሽን አትመኚ።

የዓመት ፈቃድሽም ከዜሮ ይጀምራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። እስካሁን ያጠራቀምሽው ጭማሪ አብሮሽ አይሄድም፤ ግን ተደራደሪበት፣ አሠሪ ከሕጉ በላይ እንዳይሰጥ የሚከለክለው የለም። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ይደርሳል፤ በዚያ ውስጥ ለሥራው አልሆንሽም ካሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላሉ። ልምድሽን አይተው እንዲያሳጥሩልሽ ጠይቂ። ባንኩን ስትለቂ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ አለብሽ።

ጡረታሽ ግን አይነካም፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ያገለገልሽበት ዘመን ይደመራል። አበሉ የሚሰላው ከመውጣትሽ በፊት ባሉት የመጨረሻ ሦስት ዓመታት አማካይ ደሞዝ ነው። አሁን ደሞዝሽ መውረዱ ሳይሆን ወደ ስልሳ ስትጠጊ ስንት ላይ እንደምትሆኚ ነው ወሳኙ፤ ለመመለስ ሃያ ዓመት አለሽ።

ሲኒና ማንኪያ

እኔ እዚሁ ጅማ ቀማሽ ነኝ፤ ታላቄ ስለሆኑ እርስዎ ብዬ ልጻፍ። የሚያስፈራዎት አለቃ እንደ እኔ ያለ ልጅ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ የምንፈራው እኛ ነን። ውል፣ የባንክ ሰነድ፣ ኤል ሲ (የገዢው ባንክ ለላኪው የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) የሚያውቅ ሰው ጥራት ክፍል ውስጥ የለንም። ገዢው ናሙናው ከተጫነው ጋር አልተመሳሰለም ሲል ደብዳቤውን የሚጽፍ ሰው እንፈልጋለን። ጁኒየር ቢባሉም በዚህ በኩል እኛ ነን ተማሪዎቹ።

ቅምሻው ጊዜ ይፈልጋል። በእኛ ደረጃ አሰጣጥ ከመቶው 40 ነጥብ ለጥሬው፣ 60ው ለሲኒው ነው። ጥሬውን ቶሎ ይይዙታል፤ ጥቁሩ፣ የተነቀዘው፣ ሻጋታው በዓይን ይታያል። ሲኒው ላይ ግን መጀመሪያ ሁሉም ቡና አንድ ይመስላል። በአንድ ወቅት አይገባም፣ አይጨነቁ። ከቻሉ መስከረም ላይ ይግቡ። ጥቅምት ለቀማው ይጀምራል፤ ቡናውን ከእሸቱ ጀምሮ ካዩት ኋላ ሲኒው ላይ የሚያገኙት ጉድለት ከየት እንደመጣ ያውቁታል። ሽቶም አይቀቡ።

የአዌቱ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መዝገብ ቤት፣ ውሉን ትናንት ማታ አወጣሁት፤ ወለዱ ይዞራል ይላል፣ በአንዴ ክፈይ አይልም። የአዲሱን ክፍያ ስሌት በደብዳቤ ጠይቄያለሁ፤ መልሱ ሳይመጣ መልቀቂያ አላስገባም። ከአዲሱ ደሞዝ ከግማሽ በላይ የሚበላ ከሆነ፣ ቦታውን እስከሚቀጥለው ዓመት ያቆዩልኝ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ካልሆነ መስከረም እገባለሁ። የሒርማታው ወንድሜ፣ ስለ ስብሰባ ያልከውን ይዤዋለሁ፤ እኔም ዝም ማለት አልችልበትም።

ሲኒና ማንኪያ፣ ቅምሻ በስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት? ልጆቹን ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ።

ሲኒና ማንኪያ

እኛ ጋ ከሦስት ሰዓት በፊት ውሃ አይጣድም። ይደርሳሉ።