ታናሽ ወንድሜ፣ የኪሱ ዕቃና «ዝግጁ ወንድ» የመባል ምኞት፦ ምን ትላላችሁ?

ጠያቂ፦ የሲልቨር ስፕሪንጉ

ጤና ይስጥልኝ። ከእኔ ጋር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ገና ወጣት ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኖ ይሠራል። ከጊዜ ወዲህ አሜሪካኖቹ «ኢዲሲ» በሚሉት፣ ማለትም በየዕለቱ ከኪስ የማይለዩ ዕቃዎችን እየመረጡ በመግዛትና ፎቶ አንሥቶ በማሳየት ባህል ውስጥ ጭልጥ ብሎ ገብቷል። ማታ ከሥራ ሲመለስ ኪሱን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ያራግፋል። የቲታኒየም እጀታ ያለው ሰንጢ፣ አውራ ጣት የምታህል የእጅ ባትሪ፣ ከብረት የተሠራ እስክሪብቶ፣ ካርድ ብቻ የሚይዝ የብረት ቦርሳ፣ በፓራኮርድ ገመድ የተንጠለጠለ የራስ ቅል ቅርጽ ያለው ዶቃ፣ በመጨረሻም ሁለት መቶ ሜትር ጥልቀት ይቋቋማል የተባለ የጠላቂ ሰዓት። (ልጁ ዋና አይችልም።) ሁሉንም ጎን ለጎን ደርድሮ፣ መብራቱን አስተካክሎ፣ ከላይ ወደ ታች ፎቶ ያነሣና ይለጥፋል። ሰንጢው እስካሁን ሲቆርጥ ያየሁት ሌላ ሰንጢ የመጣበትን ካርቶን ነው።

ገንዘቡ የላቡ ነው፤ ለአገር ቤት የሚልከውንም አላጎደለም፤ ስለዚህ የወጪው ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር። የሚያሳስበኝ ከዕቃው ጋር አብሮ የመጣው ንግግር ነው። ሰው ሁሉ በግ፣ ተኩላ ወይም የበግ ጠባቂ ውሻ ነው ይላል፤ እውነተኛ ወንድ ቢላዋ ሳይዝ ከቤት አይወጣም ይላል፤ ኪሱ ባዶ የሆነን ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ያዝን ይመስል ራሱን እየነቀነቀ ያየዋል። ይህን ነገር የምታውቁ ካላችሁ፣ እንደማንኛውም የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ልተወው ወይስ ወንድነትን በዱቤ እየሸመተ ነውና ቁጭ ብዬ ላነጋግረው?

መልስ፦ የዴንቨሩ ሰብሳቢ

ወንድሜ፣ እኔ ራሴ ከሰብሳቢዎቹ አንዱ ስለሆንኩ ምስክርነቴን ያለ ጥርጣሬ አይቀበሉት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ነገሩ ሲጀመር ባዶ ጉራ አልነበረም። ቲም ሌዘርማን የተባለው የኦሪገን ሰው በ1975 በአሮጌ ፊያት አውሮፓን ሲዞር መኪናው እየተበላሸ፣ የሚያድርባቸው ሆቴሎች ቧንቧም እያፈሰሰ አስቸግሮት ነበርና፣ በኪሱ የነበረው ሰንጢ ፒንሳ ቢኖረው ምን ነበረበት ብሎ ማሰብ ጀመረ፤ ፒንሳ፣ ካቻቪቴና ቢላዋ ባንድ ላይ የያዘው መሣሪያው ለገበያ የበቃው ግን በ1983 ነው። እኔ ካለሁበት ብዙ በማይርቀው በጎልደን ከተማ የሚገኘው ስፓይደርኮ የተባለው የሰንጢ አምራች ደግሞ በ1981 ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ አንዱ ስለቱን በአንድ እጅ ለመክፈት የሚያገለግል ክብ ቀዳዳ፣ ሌላው ሰንጢውን ከኪስ አፍ ጋር የሚያያይዝ ክሊፕ ነው። ሁለቱም ለሠራተኛ ሰው የታሰቡ ነበሩ። ክሊፑ ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ሥራ ያዘ፤ ሰንጢው ኪስ ግርጌ እንዳይወርድ ይይዛል፣ ባለቤቱ ሰንጢ እንደያዘም ለሚያየው ሁሉ ይናገራል።

ወጪውን በተመለከተ፣ ደህና ሰንጢ በየጊዜው ከተሳለ የሰውን ዕድሜ ያገለግላል፤ ይህ ለሻጭ መርዶ ነው። ስለዚህ የሚሸጥልን ያው ቢላዋ በአዲስ ብረትና በአዲስ ቀለም ነው። በ2001 ኤስ30ቪ የተባለው ብረት ሲወጣ የመጨረሻው ደረጃ ነው ተብሎ ነበር፤ በ2021 ማግናከት የተባለው ሌላ ብረት ሲመጣ ያ የትናንቱ ጉድ ተራ ሆነ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፣ በላብራቶሪም ይለካል፤ ካርቶን ግን ልዩነቱን አያውቀውም። አይዳሆ ውስጥ በክሪስ ሪቭ ድርጅት የሚሠራው ሰበንዛ የተባለ ሰንጢ ከ400 ዶላር በላይ ያወጣል፤ ጭረት ካገኘው ዳግም ሲሸጥ ዋጋው ይወርዳልና ከሳጥኑ እያወጣ አይቶ መልሶ የሚያስቀምጠው ባለቤት ቀላል ቁጥር የለውም። አንዳንዱ ሞዴል በቁጥር ተወስኖ በቀጠሮ ሰዓት ይለቀቃል፣ በደቂቃዎች ያልቃል፣ ማታውኑ በተጋነነ ዋጋ ለሽያጭ ይወጣል። የእጅ ባትሪውም እንዲሁ ነው፤ ማሸጊያው ላይ በደማቁ የተጻፈው የሺዎች ሉመን ብርሃን ባትሪው እንዳይግል ተብሎ ጥቂት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ በራሱ ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ እወደዋለሁ። ጥሩ መዝጊያ ያለው ሰንጢ ሲከፈት የሚሰማውን «ጠቅ» የሚል ድምፅ፣ ከእጀታው ጋር ክፍተት ሳይተው ልክክ ብሎ ሲያርፍ ማየት፣ የአንጥረኛን ሥራ የሚያደንቅ ሁሉ ይገባዋል። ለማነጋገር ካሰቡ በወንድነት አይጀምሩት፤ ቢላዋውን በድንጋይ መሳል ይችል እንደሆነ ይጠይቁት። ካልቻለ፣ አብሮ ለመማር ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል።

መልስ፦ ነርሷ፣ አሌክሳንድሪያ

የዴንቨሩ ወንድማችን በደንብ አስረድተዋል፤ ሆኖም የተዘለለ ነገር አለ።

የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው። በሥራ ልብሴ ኪስ ልብስ የሚቀድ መቀስ፣ ፕላስተር፣ የዓይን ብሌን የማይበት ትንሽ ባትሪና እስክሪብቶ አይጠፉም። ከሥራ ውጪ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ የልጄ የትኩሳት ሽሮፕ፣ ዳይፐር፣ መርፌና ክር፣ እርጥብ ሶፍት፣ የእናቴ የስኳር መድኃኒት አለ። ይህን ሁሉ የሚሸከሙ ሴቶች በየቤቱ ሞልተዋል፤ አንዳቸውም ግን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ፎቶ ሲያነሡና «ዝግጁ ነኝ» ሲሉ አላየሁም። በኢዲሲ ፎቶዎች ውስጥ ዳይፐር ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ዕቃው የሚመረጠው ችግሩ ከመጣ ባለቤቱን ጀግና ለሚያደርገው ችግር ነው፤ የሚያስነጥሰውን ሕፃን አፍንጫ መጥረግ ከዚያ ውስጥ አይገባም።

በጣም የሚያስገርመኝ ብዙዎቹ ከሰንጢው ጋር የሚይዙት ቱርኒኬት ነው። ደም የሚያቆመውን ይህን ማሰሪያ መያዝ በራሱ መልካም ነገር ነው፤ ከ2015 ጀምሮ እዚህ አሜሪካ «ስቶፕ ዘ ብሊድ» (ደሙን አቁም) በሚባለው ዘመቻ ተራው ሰው እንዲጠቀምበት ሥልጠና እየተሰጠ ነው፤ ትምህርቱም ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። ነገር ግን ቀበቶው ላይ በፕላስቲክ እንደታሸገ አንጠልጥሎ፣ አንድ ቀን እንኳ በራሱ ክንድ ላይ አጥብቆ ሳይሞክረው የሚዞር ሰው ዕቃውን እንጂ ችሎታውን አልያዘም። በርካሽ በኢንተርኔት የሚሸጡ የሐሰት ቱርኒኬቶችም አሉ፤ ሲጠብቅ ማጥበቂያ ዘንጉ ይታጠፋል ወይም ይሰበራል። ደግሞም ወንድምዎ በሕይወቱ ሊያጋጥመው የሚችለው አደጋ ከቢላዋ ፍልሚያ ይልቅ ምግብ ቤት ውስጥ የአንድ አዛውንት ልብ ድንገት መቆሙ ነው፤ ለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው 911 መደወልና ደረት መጫን የሚያውቁ ሁለት እጆች ናቸው፤ ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ አይጠይቅም።

ልጁን ግን አታሳፍሩት። ፎቶዎቹን ማን እንደሚያያቸው ተመልከቱ፤ የሚያዩትም፣ አስተያየት የሚጽፉትም ከሞላ ጎደል ወንዶች ናቸው። «እንዴት ያማረ ነው፣ ከየት አገኘኸው፣ እጅህ ላይ አምሮበታል» ይባባላሉ። አብዛኛው ወንድ ለሌላ ወንድ እንዲህ ያለ ደግ ቃል በሌላ መንገድ መናገር ያፍራል፤ መካከላቸው ብረት ሲገባ ይቀልላቸዋል። ከአገሩ ወጥቶ ቢሮ ውስጥ ብቻውን የሚውል ልጅ ይህን ቢፈልግ አልፈርድበትም። የበጎችና የተኩላዎች ስብከት ከዚያ ጋር ተጠቅልሎ የሚሸጥ ጭነት ነው፤ እሱን ለይታችሁ አንሡበት።

መልስ፦ የብሮንክሱ ጥገና ሠራተኛ

ልጆቼ፣ እኔ በዕድሜ ገፋ ያልኩ፣ ኒውዮርክ ውስጥ በሕንፃ ጥገና ብዙ ዘመን የቆየሁ ሰው ነኝ። እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ደግ ነው፤ ነገር ግን ስለዚህ ጉዳይ ለጥቁር ልጅ መጀመሪያ መነገር ያለበት አልተነገረም።

በኒውዮርክ «ግራቪቲ ናይፍ» የሚባል ቢላዋ በ1958 በወጣ ሕግ ተከልክሎ ነበር። ሕጉ ሲወጣ የታሰበው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ፓራሹተኞች ቢላዋ ጋር ለሚመሳሰል፣ ሲያዘቀዝቁት በራሱ ክብደት ለሚከፈት ዓይነት ነው። በኋላ ግን ፖሊሶች ተራውን ሰንጢ ይዘው በእጅ አንጓ ጠንከር አድርገው ሲወነጭፉት ስለቱ ከወጣ «ግራቪቲ ናይፍ ነው» ማለት ጀመሩ። አንዱ ፖሊስ አሥር ጊዜ ሞክሮ ያልከፈተውን ሌላው በመጀመሪያው ይከፍተዋል፤ ያው ሰንጢ ደግሞ በትልልቅ የዕቃ መደብሮች በግልጽ ይሸጥ ነበር። በዚህ ሕግ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ታስሯል፤ የሚበዛው ጥቁርና ላቲኖ ነበር፤ ብዙዎቹም ለሥራቸው የያዙት አናጺዎች፣ የመድረክ ሠራተኞች፣ ዕቃ ጫኝና አውራጆች ነበሩ። አብዛኛውን ጊዜ ፖሊሱ የሚያስቆማቸው ምን አይቶ ይመስላችኋል? ያንን የዴንቨሩ ወንድሜ ያነሡትን፣ ከኪስ አፍ ላይ ብልጭ የሚለውን ክሊፕ ነው። በመጋቢት 2019 አንድ የፌዴራል ዳኛ አፈጻጸሙ ለሰው ግልጽ አይደለም ብለው ወሰኑ፤ በግንቦት ወር መጨረሻ ደግሞ ክልከላው ራሱ ተሻረ።

እንግዲህ እዩት። አንዱ ሰው ክሊፑን ለታይታ አውጥቶ ሲሄድ «ዝግጁ ሰው» ይባላል፤ ሌላው በሥራ ልብሱ ላይ ያንኑ ክሊፕ ይዞ ሲገኝ በካቴና ይወሰዳል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ወንድ ጢሙን አሳድጎ፣ ካኪ ለብሶ፣ ጫካ ውስጥ እሳት አጠገብ ቆሞ ነው የምታዩት፤ ፖሊስ የሚያስቆመው ሰው አይደለም። ወንድምዎ ያንን ሰው መስሎ መታየት ይፈልጋል፤ መንገድ ላይ የሚያየው ግን ያንን ሰው አድርጎ አያየውም። ይህ የሚያናድድ ነው፤ ቢሆንም የሚታሰር ልጅ ከማይ የሚናደድ ልጅ ባይ እመርጣለሁ።

እኔ የምይዘው ምላጩ የሚቀየር ከተር ነው፤ ዋጋው ከቁርስ አይበልጥም፤ ሥራ ስገባ ከመሣሪያ ሳጥኔ ይወጣል፣ ስጨርስ ይመለሳል። ከእኔ ጋር ከሚሠሩት ውስጥ ባለ 400 ዶላር ሰንጢ ይዞ የቀለም ቆርቆሮ የሚከፍት አንድም ሰው አላየሁም።

መልስ፦ ከአዲስ አበባ

ነገሩን የአሜሪካ ብቻ አታድርጉት። የገጠር አያቶቻችን እሾህ የሚነቅሉበትን ወረንጦ፣ ጆሮ የሚጠርጉበትንም ትንሽ ማንኪያ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይሄዱ ነበር፤ በየዕለቱ የሚያዝ ዕቃ ማለት ይኸው አይደል? ወረንጦው በየሰዓቱ ሥራ ነበረው። የጆሮ ማንኪያው ግን ባለ ጸጎቹ ዘንድ ከብር ተሠርቶ ይቀረጽ ነበር፤ ጆሮ ብርን ከብረት አይለይምና ያ ለሰው ዓይን ነው። ስለዚህ ጥቅምና ታይታ ድሮም አብረው ነበሩ። የአሁኑን አስቀያሚ የሚያደርገው ማስፈራራት ሲጨመርበት ነው፤ እሱም ቢሆን በዝናርና በጠመንጃ ፎቶ መነሣት ለሚወደው ለእኛው ሰው እንግዳ አይደለም።

ጠያቂ፦ የሲልቨር ስፕሪንጉ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የነርሷን ምክር ተከትዬ ስለ ቱርኒኬት ጠየቅሁት፤ ለካ እሱም አለው፤ እስከዛሬ ግን ከላስቲኩ አላወጣውም። ሥልጠናውን አብረን እንድንወስድ ተስማምቷል፤ እኔም ኪሴ ባዶ ስለሆነ አይከፋኝም። ስለ መሳሉ ግን የዴንቨሩ ወንድሜ አሳፍረውኛል፤ ልጁ ለካ ማታ ማታ በድንጋይ ይስላል፤ የወጥ ቤቱ ቢላዋ ሁሉ ከምን ተነሥቶ እንዲህ እንደሰላ የገባኝ አሁን ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በሚመጣው ወር ለአጎታችን ልጅ ሠርግ ኒውዮርክ ይሄዳል፤ ሰንጢውን ይዤ እሄዳለሁ ይላል። ክልከላው ከተሻረ ችግር አለው?

መልስ፦ የብሮንክሱ ጥገና ሠራተኛ

አለው። የተሻረው የኒውዮርክ ክልል (ስቴት) ሕግ ነው፤ የኒውዮርክ ከተማ ግን የራሱ ደንብ አለው። ስለቱ 4 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ቢላዋ በአደባባይ መያዝ ክልክል ነው፤ ከዚያ ያነሰውንም ቢሆን ሰው በሚያየው ሁኔታ መያዝ አይፈቀድም፤ ለሥራ የያዘ ሰው የተለየ ነው፤ የሠርግ እንግዳ ግን ሥራ ላይ ነኝ ሊል አይችልም። ክሊፑ ከሱሪው ኪስ ብቅ ካለ ታየ ማለት ነው። በአውሮፕላን የሚመጣ ከሆነ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ጨርሶ አይገባም፤ በ2013 በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ የሚያካሂደው መሥሪያ ቤት ትንንሾቹን ሊፈቅድ አስቦ ነበር፣ የበረራ አስተናጋጆች ተቃወሙና ተወው። ሠርጉ ላይ ዳቦ የሚቆረስበት ቢላዋ አይጠፋም፤ የእሱን ቤት ይተወው። ባትሪውን ግን ይዞ ይምጣ፤ የብዙ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ጨለማ ነው።