ሽጉጤ ቀጭ ብሎ ይከሽፋል፣ ሁለተኛ ሲመታ ግን ይተኩሳል፤ ምን ላድርገው?

የደንቨሩ፦
ሰላም ወገኖች። ከሁለት ወር በፊት የ1858ቱን ሬሚንግተን ሽጉጥ ቅጂ ገዛሁ። ካሊበር 44፣ ስድስት ጎራሽ፣ ጣሊያን አገር የተሠራ። የመቅደላን ታሪክ ስሰማ ነው ያደግኩት፤ የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሽጉጥ እንዴት እንደሚጎርስ፣ ካፑ (ሲመታ ፈንድቶ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ቆብ) እንዴት እንደሚደፋ በገዛ እጄ ማየት ሁሌም እመኝ ነበር። በጣም ወድጄዋለሁ።

ችግሬ ይሄ ነው። ከስድስቱ ሁለቱ፣ አንዳንዴ ሦስቱ ይከሽፉብኛል። መዶሻው ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ዝም። ወዲያው መዶሻውን ስቤ ያንኑ ካፕ ደግሜ ስመታው ግን ይተኩሳል። ካፑ ቁጥር 11 ነበር። ሰፍቶበት ይሆናል ብዬ ቁጥር 10 ገዛሁ፣ ጭራሽ ባሰበት። ባሩዱ እውነተኛው ጥቁር ባሩድ ነው፣ 25 ግሬን እጨምራለሁ። ተኩስ ሜዳው ላይ አንድ ሰው የመዶሻው ሞላ ደክሟል፣ ቀይረው አለኝ። ሞላ ከመግዛቴ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።

ባለ ሞረድ፦
ወንድሜ ሞላውን ተወው፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። በሁለተኛው ምት ከተኮሰ ካፑም ደህና ነው፣ ባሩዱም ደረቅ ነው። ካፑ እስከ ታች አልተቀመጠም ማለት ነው። በካፑ ውስጥ ያለው ቅመም የሚፈነዳው በመዶሻውና በኒፕሉ (ካፑ የሚደፋበት፣ እሳቱን ወደ ባሩዱ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው ብረት) ጫፍ መሀል ሲደፈጠጥ ነው። ከሥሩ ትንሽ ክፍተት ካለ የመጀመሪያው ምት ካፑን ወደ ታች ለመግፋት ብቻ ያልቃል። ሁለተኛው ሲመጣ ካፑ ቦታውን ይዟል፣ ይፈነዳል። ቁጥር 10 ስታደርግ የባሰብህም ለዚሁ ነው፣ ይበልጥ ጠበበ እንጂ አልሰፋም። ደግሞ ቁጥሩን ብዙ አትመነው፤ የአንዱ ፋብሪካ 10 ከሌላው 10 ጋር አንድ አይደለም። ኒፕልህ ላይ ደፍተህ ማየት ነው ያለብህ።

አሁን ኒፕሎቹን በቁልፋቸው ፍታቸውና መብራት ሥር በማጉያ መነፅር ተመልከታቸው። ጫፋቸው እንደ ተቀጠቀጠ ችንካር ራስ ጠርዙ ወደ ውጭ ተገልብጦ ከሆነ ጥፋተኛውን አገኘኸው። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ቤት ውስጥ ባዶውን ቀጭ ቀጭ ታደርገዋለህ?

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አደራ። ሲከሽፍ ወዲያው መልሰህ አትምታ። አንዳንዴ እሳቱ ዘግይቶ ነው ባሩዱ ጋ የሚደርሰው። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረግክ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቅ። ሲሊንደሩንም (ባሩድና እርሳስ የሚጎርሱት ስድስቱ ጎሬዎች ያሉበትን ተሽከርካሪ) ወደሚቀጥለው አታዙረው፤ ያ የዘገየው ከአፈሙዙ ትይዩ ከወጣ በኋላ ቢተኩስ እርሳሱ የሚወጣበት የለውም። እኔ ሲዘገይ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሁለት ሰከንድ ይሆናል፣ ግን ልብ ያቆማል።

የቨርጂኒያዋ፦
ባለ ሞረድ ያለው ትክክል ነው፣ ለሌሎች አንባቢዎች ግን አንድ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ካፑ ራሱ ካልፈነዳ የደንቨሩ ዓይነት ችግር ነው። ካፑ ጧ ብሎ ፈንድቶ ባሩዱ ካልተቀጣጠለ ግን ሌላ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

የእኔ የ1851ዱ ኮልት ናቪ ነው። እዚህ በጋው እርጥበት ስላለው ዝገት ፈርቼ ዘይት በዘይት አድርጌ አስቀመጥኩት። ከዚያ አውጥቼ ሳልወለውል አጎረስኩት። ከስድስቱ አራቱ ጧ ብለው ቀሩ። ዘይቱ በኒፕሉ ቀዳዳ ገብቶ ባሩዱን አርሶታል። አራቱን እርሳስ ማውጣት ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀብኝ።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ከመጎረሱ በፊት ጎሬዎቹን በአልኮል በነከርኩት ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ በኒፕሎቹ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ አሳልፋለሁ። ከዚያ ባዶውን ስድስት ካፕ እደፋበትና ተኩስ ሜዳው ላይ አፈሙዙን ወደ መሬት፣ ወደ አንድ ቅጠል ሣር አስጠግቼ አንድ በአንድ እተኩሳለሁ። ሣሩ ከተወዛወዘ መንገዱ ክፍት ነው። ካልተወዛወዘ ያንን ጎሬ አላጎርሰውም። በምትክ ባሩድ የምትተኩሱ ደግሞ ይሄ ለእናንተ የበለጠ ያስፈልጋል፣ ከእውነተኛው ጥቁር ባሩድ ይልቅ እሳት ለመያዝ ይከብደዋልና።

ኮልት ላላችሁ በርሜሉን አጥብቆ የሚይዘውን ሽብልቅም እዩት። ከላላ በርሜሉ ወደ ፊት ይሸሻል፣ ሲሊንደሩም ሲመታ አብሮ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የመዶሻው ጉልበት እዚያ ይባክናል። ሬሚንግተን ላይኛው ፍሬሙ ድፍን ስለሆነ ይሄ ጣጣ የለበትም።

የደንቨሩ፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኒፕሎቹን ፈታኋቸው። በሁለቱ ጠርዙ ተገልብጧል፣ በጥፍር ስነካው ይይዘኛል። ሦስተኛው ትንሽ ጀምሮታል። ሲሊንደሩ ላይ ምልክት አድርጌ ስለነበር ሁልጊዜ የሚከሽፉት እነዚሁ መሆናቸውን አረጋገጥኩ። አዎ፣ ማታ ማታ ቴሌቪዥን እያየሁ ባዶውን ቀጭ ሳደርግ ነበር፤ አንድም ቀን ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም። ልሞርዳቸው ወይስ ልቀይራቸው?

ባለ ሞረድ፦
የተገለበጠውን ጠርዝ ብቻ በቀጭን ሞረድ ዙሪያውን እያዞርክ ቀስ ብለህ አንሳው። ከላይ እንዳታሳጥረው፣ ካጠረ መዶሻው አይደርስበትም፣ ሌላ ክሽፈት ገዛህ ማለት ነው። ግን ኒፕል ርካሽ ነው፣ ስድስቱንም ብትለውጥ እመርጣለሁ። ስትመልሳቸው ጥርሱን ትንሽ ግራሶ ቀባው፣ ያለዚያ በዝገት ተጣብቆ የሚቀጥለው ጊዜ አይፈታልህም።

ካፑን ስትደፋ በጣትህ ብቻ አትተማመን። የመጻፊያ እርሳስ የሚያህል የእንጨት ዘንግ ቁረጥና እያንዳንዱን እስከ ታች ግፋው። ብረት አይሁን። አፈሙዙ ወደ ዒላማ፣ መነፅር ዓይንህ ላይ፣ እጅህ ከፊት አይለፍ። ሞላ ላልከው ደግሞ በእጀታው ፊት ለፊት ከታች በኩል ትንሽ ብሎን አለች፤ ሞላውን የምትወጥረው እሷ ናት። አለመላላቷን ብቻ እይ።

የደንቨሩ፦
ቅዳሜ ሄጄ ነበር። ሁለቱን ሞርጄ፣ ወደ ቁጥር 11 ተመልሼ፣ ሁሉንም በእንጨት ገፍቼ 24 ተኮስኩ። አንድ ብቻ ከሸፈ፣ ያቺኑ ሦስተኛዋን ነው ያልነካኋት። አንድ ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ደግሜ ስመታት ተኮሰች። አዲስ ኒፕል አዝዣለሁ።

ባለ ሞረድ፦
ሲደርስህ መጀመሪያ ሲሊንደሩ ባዶ መሆኑን አረጋግጥ። ከዚያ ካፕ ሳትደፋ ቀጭን ወረቀት ኒፕሉ ላይ አድርግና መዶሻውን በአውራ ጣትህ ይዘህ ቀስ ብለህ አውርደው። ወረቀቱ ሳይያዝ ከወጣ መዶሻው ባዶውን ኒፕል አይነካም፣ ጠርዙንም አይገለብጥም። ከተያዘ ጻፍልኝ፣ መዶሻው ላይ ምን ያህል ማንሳት እንዳለብህ አብረን እናያለን።