ሳፕሪሳ የፋብሪካ ክለብ ነበር ወይስ የሰፈር ልጆች ቡድን?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 15 ዓመት የሆኑ የሰፈር ልጆችን ቅዳሜና እሑድ ኳስ አሠለጥናለሁ። ቡድኑ እስካሁን አንድ የጸና ስም የለውም፤ ልጆቹ በየሳምንቱ ሌላ ስም ያወጡለታል። ሰሞኑን አንድ ልብስ ነጋዴ ለሁሉም ማሊያ ሊገዛላቸው መፍቀዱን ነገረኝና በምላሹ ቡድኑ በእርሱ ስም እንዲጠራ ጠየቀ። ከወላጆቹ ግማሾቹ «ማሊያ የሰጠ ሁሉ ባለቤት ሊሆን ነው ወይ?» ብለው ተቆጡ፤ የቀሩት ደግሞ ልጆቹ የተቀዳደደ ካናቴራ ለብሰው ከሚጫወቱ ስሙ ምንም ቢሆን ግድ እንደሌላቸው ተናገሩ።

በዚህ ክርክር መካከል ታናሽ ወንድሜ፣ በረኛው ኬይለር ናቫስ ያደገበት የኮስታ ሪካው ሳፕሪሳም ስሙን ያገኘው ማሊያ ከሰጠው ሰው እንደሆነ ነገረኝ። ሰውየውም የጨርቃ ጨርቅ ባለሀብት ነበር አለኝ። እኛ አገር ድሬዳዋ ኮተን፣ ሙገር ሲሚንቶ፣ ሐረር ቢራ የሚባሉ ክለቦች ነበሩንና የፋብሪካ ክለብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን፤ ፋብሪካው በጀት ሲያቋርጥ ክለቡም አብሮ ይቆማል። ሳፕሪሳ እንዲህ ያለ ክለብ ነበር? ካልነበረስ በአንድ ግለሰብ ስም እየተጠራ ይህን ያህል ዘመን እንዴት ዘለቀ? በኋላ አንድ የሜክሲኮ ባለጸጋ ገዛው የሚባለውስ እውነት ነው?


ጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ወንድሜ፣ የፋብሪካ ክለብ አልነበረም። ነገር ግን ወንድምህ የነገረህም ከእውነቱ የራቀ ስላልሆነ ከመነሻው ልጀምርልህ።

ክለቡ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1935 በኮስታ ሪካ ዋና ከተማ በሳን ሆሴ ሲሆን፣ ያቋቋመው ሮቤርቶ ፈርናንዴዝ የተባለ ጫማ ሰሪ ነው፤ የሚያውቁት ሁሉ «ቤቶ» ይሉት ነበር። እንደ አንተው ሁሉ የሰፈር ልጆችን ሰብስቦ ያጫውት የነበረ ሰው ነው፤ የጎደለውም አንተ የጎደለህ ነገር ነበር፣ ማሊያ። ማሊያ ሊለምን የሄደው ሪካርዶ ሳፕሪሳ ወደተባለ ሰው ነበር። ይህ ሰው ኮስታ ሪካ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ሥራ የተሰማራ ባለሀብት ይሁን እንጂ ስለ ስፖርት ምንም ሳያውቅ ገንዘብ ብቻ የሚሰጥ ዓይነት አልነበረም። ኤል ሳልቫዶር ውስጥ ሳን ሳልቫዶር ተወልዶ በባርሴሎና ከተማ ለኤስፓኞል እግር ኳስ የተጫወተ፣ እ.ኤ.አ. በ1924ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክም ስፔንን በሜዳ ቴኒስ የወከለ ሰው ነው። ስለዚህ ጫማ ሰሪው በሩን ሲያንኳኳ፣ የከፈተለት ኳስ የሚገባው ሰው ነበር ማለት ነው። ማሊያውን ሰጠ፤ ልጆቹም ቡድናቸውን በእርሱ ስም ጠሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ሰውየው ስሙን ሰጠ እንጂ ክለቡን የፋብሪካው አንድ ክፍል አላደረገውም። ቡድኑ ከታችኛው እርከን ደረጃ በደረጃ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1949 አንደኛ ዲቪዚዮን ገባ፤ የመጀመሪያውን የአገር ዋንጫ ያነሣው ደግሞ በ1952 ነው። በ1959 ዓለምን በሙሉ እየዞረ የወዳጅነት ጨዋታ ያደረገ ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ጉዞ በማድረግ ከላቲን አሜሪካ ክለቦች የመጀመሪያው ተደርጎ ይቆጠራል። ከአንዲት ትንሽ አገር የተነሣ ክለብ በዚያ ዘመን አውሮፕላን ከአውሮፕላን እየቀያየረ ያን ያህል አገር ማዳረሱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከሁሉ በላይ ግን ክለቡን ያጸናው ሜዳው ይመስለኛል። ከሳን ሆሴ በስተሰሜን ባለችው በቲባስ የራሱን ስታዲየም ሠርቶ እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 1972 አስመረቀ፤ ስታዲየሙም የሪካርዶ ሳፕሪሳን ስም ይዟል። የክለቡ ቅጽል ስም «ሐምራዊው አውሬ» ስለሆነ ደጋፊዎቹ ስታዲየሙን «ዋሻው» ይሉታል። ከ1972 እስከ 1977 ባሉት ዓመታት ሳፕሪሳ የአገሩን ዋንጫ ስድስት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። የገዛ ሜዳው በተከፈተበት ዓመት የጀመረውን ይህን ድል አጋጣሚ ብቻ ነው ብሎ መቀበል ለእኔ ይከብደኛል፤ ሜዳ የሌለው ቡድን በሰው ፈቃድ የሚኖር ቡድን ነውና። ዛሬ የአገር ውስጥ ዋንጫዎቹ ከ35 በላይ ናቸው፤ በኮስታ ሪካ ይህን ያህል የሰበሰበ ሌላ ክለብ የለም።

ስለ ሜክሲኮው ባለጸጋ የሰማኸው እውነት ነው። የጓዳላሃራው ክለብ የቺባስ ባለቤት ሆርሄ ቤርጋራ እ.ኤ.አ. በ2003 ክለቡን ገዝቶት ነበር። እኔ ያን ዘመን አልወደውም።


የማቅለሚያ ክፍል (ኮምቦልቻ)፦

ልጄ፣ ስለ ኳሱ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች መልሰውልሃል። እኔ በጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል ጡረታ እስክወጣ የሠራሁ ነኝና ስለ ቀለሙ አንድ ነገር ልበል፤ የልጅ ልጄ ይህን ጽሑፍ ሲያነብልኝ ሐምራዊው ቀለም ከየት እንደመጣ ማንም አለመናገሩ ከነከነኝና ፈልጎ እንዲያነብልኝ አደረግሁት።

እንደሚተረከው የመጀመሪያው ማሊያ ቀይና ሰማያዊ ነበር፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሐምራዊው ተገኘ። ይህ ለማመን የሚያስቸግር ታሪክ አይደለም። ድሩን በቀይ፣ ማጉን በሰማያዊ አድርገህ ብታሸምነው ቀረብ ብሎ ለሚያየው ሁለት ቀለም፣ ራቅ ብሎ ለሚያየው ግን ሐምራዊ ይሆናል። በደንብ ያልታጠበና ያልጸና ቀለም ከሆነ ደግሞ አንድ ላይ ሲዘፈዘፍ ቀዩ ለቅቆ ሰማያዊውን ይበላዋል፤ ቀይ ቀለም ካልጸና ጠባዩ ይኸው ነው። በየትኛው መንገድ እንደሆነ እናንተ ተከራከሩበት።

አንተ ግን ነጋዴው ማሊያውን ሲያመጣልህ ከመቀበልህ በፊት ነጭ ጨርቅ አርጥበህ እሸው። ከለቀቀ መልስለት። ልጆቹ በክረምት ዝናብ ሲጫወቱ ቁምጣቸውም ካልሲያቸውም አንድ ዓይነት ሆኖ እናቶች አንተን እንዳይረግሙህ።


ሐረጎ ላይ (ደሴ)፦

እማማ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ እንዲህ ያለ ማብራሪያ ከኳስ ጸሐፊ አይገኝም።

የጦሳ ሥሩን ወንድማችንን ግን በሁለት ነገር እሞግተዋለሁ። የመጀመሪያው ቤርጋራን የሚመለከት ነው። ሳፕሪሳ በዓለም የታወቀው በእርሱ ዘመን አይደለም ወይ? ከዚያ በፊት በ1993 እና በ1995 የኮንካካፍን (የሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ እንዲሁም የካሪቢያን እግር ኳስ ማኅበርን) የሻምፒዮኖች ዋንጫ ወስዶ ነበር፤ ሆኖም ከቀጠናው ውጭ ስንት ሰው ያውቀው ነበር? እ.ኤ.አ. በ2005 በሄርናን ሜድፎርድ አሠልጣኝነት የሜክሲኮውን ፑማስ በሁለት ጨዋታ ድምር 3 ለ 2 አሸንፎ ለሦስተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ጃፓን ላይ በተደረገው የዓለም ክለቦች ዋንጫ ተካፈለ። እኔ ያን ጊዜ ተማሪና የለየልኝ የሊቨርፑል ደጋፊ ነበርሁ። ዘመኑ በእኛ ታኅሣሥ 1998 ነው፤ ፒያሳ አካባቢ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ብርዱን ለመርሳት ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ሳፕሪሳ ከሊቨርፑል ሲጫወት ስንመለከት፣ የእኛው ክራውች ገና በሦስተኛው ደቂቃ አገባና ሁላችንም ጨዋታው አለቀ አልን። በእርግጥም 3 ለ 0 አሸነፍን። ሆኖም እኒያ ሐምራዊ ለባሾች ሦስት ከገባባቸው በኋላ እንኳ ኳሱን መሬት ላይ አድርገው ለመጫወት መሞከራቸው በዓይኔ ላይ ቀረ። ከዚያ በፊት የአውስትራሊያውን ሲድኒ በክርስቲያን ቦላኞስ ግብ 1 ለ 0 አሸንፈው ነበር፤ ለሦስተኛነት ደግሞ የሳዑዲውን አል ኢትሃድ 3 ለ 2 ረቱት። እስከ 85ኛው ደቂቃ ድረስ እየተመሩ ቆይተው አልባሮ ሳቦሪዮ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ አደረጋቸው፤ ሮናልድ ጎሜዝ ደግሞ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በቅጣት ምት የማሸነፊያዋን ጨመረ። ከዓለም ሦስተኛ ማለት ነው። ባለቤቱ የውጭ ሰው ስለሆነ ብቻ ይህን ዘመን እንዴት እንጠላዋለን?

ሁለተኛው ስለ ባላንጣው አንድ ቃል አለመናገሩ ነው። የሳፕሪሳን ታሪክ ያለ አላሁዌሌንሴ መተረክ የደሴን ቡድን ታሪክ ያለ ኮምቦልቻ እንደመተረክ ነው። አላሁዌላ ከሳን ሆሴ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብላ ዝቅ ባለ ቦታ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከሐረጎ ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ መግባትን አስቡት፣ አየሩ ሞቅ እያለ ሲመጣ ማለት ነው። ቀይና ጥቁር ለባሹ ክለባቸው የተመሠረተው በ1919 ስለሆነ ለሳፕሪሳ በ16 ዓመት ታላቁ ነው። የኮንካካፍን ዋንጫ ለኮስታ ሪካ መጀመሪያ ያመጣውም እርሱ ነው፣ በ1986። ሳፕሪሳ በ2005 ከመንገሡ በፊት በነበረው ዓመት ሁለቱ ጎረቤታሞች ለዚሁ ዋንጫ ፍጻሜ ተገናኝተው፣ አላሁዌሌንሴ በድምር 5 ለ 1 አዋርዶታል። እንግዲህ የ2005ቱ ድል በቤርጋራ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በዚያ ንዴትም የመጣ ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ ሳፕሪሳና የእኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ በአንድ ዓመት፣ በ1935 የተወለዱ እኩዮች ናቸው።


ጦሳ ሥር (ደሴ)፦

አላሁዌሌንሴን መዝለሌ ጥፋት ነው፤ እቀበላለሁ። ስለ ቤርጋራ ግን አንለያይ፤ ዋንጫውን አልካድሁም። ያልወደድሁት የክለቡ ዕጣ ሌላ አገር ላለ ለሌላ ክለብ ባለቤት ማደሩን ነው። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2011 «ሆሪዞንቴ ሞራዶ» የተባለ የኮስታ ሪካውያን ቡድን ክለቡን መልሶ ሲገዛው ደጋፊዎቹ እፎይ ያሉት። በ2019 የኮንካካፍ ሊግን የሆንዱራሱን ሞታጓ አሸንፎ ሲወስድ ደግሞ አሠልጣኙ ዋልተር ሴንቴኖ ነበር፤ እርሱም ለዓመታት በዚያው ማሊያ የተጫወተ የ2005ቱ ቡድን አባል ነው። ሜድፎርድም ቢሆን ክለቡን ከማሠልጠኑ በፊት የሳፕሪሳ አጥቂ ነበር። ባለቤት ሲለዋወጥ የቤቱ ልጆች ግን አልጠፉም ለማለት ነው። ናቫስንም ብትወስዱት፣ በ2010 ወደ ስፔኑ አልባሴቴ የተሸጠው፣ በኋላም በሌቫንቴ በኩል አድርጎ ሪያል ማድሪድ የገባውና ሦስት ተከታታይ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫዎችን ያነሣው ከዚሁ ቤት ወጥቶ ነው።

ከቤርጋራ ዘመን አንድ ነገር ብቻ ላመስግን፤ ሰው ሠራሹን ሣር። በ2003 ስታዲየሙ ላይ ሲነጠፍ ብዙዎች ሣቁ። ሆኖም ሳን ሆሴ እንደ ደሴ ክረምት የሚከብድባት ከተማ ስለሆነች በጭቃ መጫወት ቀረ። ብሔራዊ ቡድኑም በዚያ ላይ አሜሪካንን በ2005 3 ለ 0፣ በ2009 ደግሞ 3 ለ 1 ሸኝቷል። በ2011 በቻይና የተሠራው ብሔራዊ ስታዲየም እስኪከፈት ድረስ የአውሬው ዋሻ የአገሪቱም ምሽግ ነበር።

የእኩያነቱን ነገር በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ልክ ነህ። በእኛ ቀን ግን ሳፕሪሳ ሐምሌ 9 ቀን 1927፣ ጊዮርጊስ በ1928 ስለሆነ በመካከላቸው እንቁጣጣሽ አለች። ያ 1928 ለእኛ ከተማ ምን ዓመት እንደነበር ደግሞ አያቶቻችን ነግረውናል፤ ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ የደበደቡበት ዓመት ነው። ጫማ ሰሪው ቤቶ ልጆቹን በአዲሱ ማሊያ ሲያሰልፍ፣ እዚህ ሰው ወደ ጋራው እየሸሸ ነበር።


የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ እማማን። ትናንት ወላጆቹን ሰብስቤ የጻፋችሁትን አነበብሁላቸው። የጫማ ሰሪው ታሪክ ሲነበብ የተቆጡት ዝም አሉ፤ የሜክሲኮው ባለጸጋ ታሪክ ሲነበብ ደግሞ ግድ የለንም ያሉት መጠየቅ ጀመሩ። በመጨረሻ ቡድኑ የነጋዴውን ስም እንዲይዝ፣ ነገር ግን ማሊያው፣ ኳሱና ወደፊት የሚገኘው ሁሉ የወላጆች ኮሚቴ ንብረት እንዲሆን በቃለ ጉባኤ አሰፈርን። ነጋዴው ሲነገረው ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «ስሜ ከተጠራ ምን ቸገረኝ» ብሎ ፈረመ። ስለ ሜዳ ስጠይቀው ግን ወሬ ቀየረ፤ ያን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

ማሊያው አረንጓዴ ነው። ከመረከቤ በፊት ነጋዴው እያየ ነጭ ጨርቅ አርጥቤ አሸሁት። አልለቀቀም።