የልጄ የጡንቻ ድካም በእኔ በኩል የመጣ ከሆነ፣ እኔ ጤነኛ የሆንኩት እንዴት ነው?

የልደታዋ እናት፦

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ 6 ዓመቱ ሲሆን፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደረጃውን የሚወጣው የብረት መደገፊያውን በሁለት እጁ እየሳበ ነው። ከወለል ሲነሣ መጀመሪያ በአራት እግሩ ይሆንና፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ፣ ቀጥሎም ጭኑ ላይ እያስደገፈ የገዛ ገላውን እንደ መሰላል ወጥቶ ቀና ይላል። ባቱ ግን የኳስ ተጫዋች ባት ስለሚመስል፣ ጎረቤት ሁሉ ሲያደንቀው ኖሯል።

አንድ ክሊኒክ የደም ምርመራውን አይቶ "ጉበቱ ተቆጥቷል" በማለት ሰባት ወር ሙሉ የጉበት መድኃኒት ሰጠን። ባለፈው ወር ሌላ ሐኪም ሲኬ የሚባለውን ምርመራ አዘዙ፤ ውጤቱ ከ14,000 በላይ ሆኖ ተገኘና ዱሼን የተባለ በዘር የሚተላለፍ የጡንቻ በሽታ ሳይሆን እንደማይቀር ነገሩኝ። ታናሽ ወንድሜም እንዲሁ እግሩ እየከዳው ሄዶ በ17 ዓመቱ ዐርፏል፤ ያኔ የተባለው "ምች ነው" ነበር። አሁን አማቴ "ከእናቱ ወገን የመጣ ነው" ይላሉ። እውነት ከሆነ እኔ ለምን አልታመምኩም? የ9 ዓመቷ ልጄስ? ወጌሻ ቢያሸውስ ይጠቅመዋል?

ሐኪም ከአራት ኪሎ፦

እህቴ፣ ልጅዎን ሳልመረምር መደምደም አልችልም፤ የጻፉት ግን የበሽታው ዋና ዋና ምልክት ነው። ያ ገላን እየተደገፉ መነሣት እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጋወርስ በ1879 እ.ኤ.አ. ስለገለጸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የጭቃ ቤት ማገር ያስቡ። የጡንቻን ሽፋን ከውስጡ አካል ጋር አያይዞ የሚይዝ ዲስትሮፊን የሚባል ፕሮቲን አለ። ማገር የሌለው ግድግዳ ክረምት በመጣ ቁጥር እንደሚረግፈው ሁሉ፣ ዲስትሮፊን የሌለው ጡንቻም በተኮማተረ ቁጥር ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ በውስጡ የነበረው ሲኬ የተባለ የጡንቻ ኢንዛይም ወደ ደም ይፈስሳል፤ የሞተውን ጡንቻ ደግሞ ውሎ አድሮ ስብና ጠባሳ ይተካዋል። ያ የሚደነቅ ባት በአብዛኛው ጉልበት ሳይሆን ይኸው ነው። ጉበት ላይ የሚለኩት ሁለቱ ኢንዛይሞችም በጡንቻ ውስጥ ስለሚገኙ አብረው ይጨምራሉ። በጤነኛ ልጅ ሲኬ ከጥቂት መቶ የማያልፍና ርካሽ ምርመራ ሆኖ ሳለ፣ ዘግይቶ የሚሄድና ደረጃ የሚከብደው ወንድ ልጅ በጉበት ስም ወራት ማባከኑ እኔንም ያናድደኛል።

ወደ ጥያቄዎ ስመጣ፣ ዲስትሮፊን የሚሠራበት የዘር መመሪያ ያለው ኤክስ በተባለው ክሮሞዞም (የዘር መመሪያዎች መያዣ) ላይ ነው። ሴት ኤክስ ሁለት ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል፤ ወንድ ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ መጠባበቂያ የለውም። ወንድምዎም ልጅዎም በዚሁ በሽታ ከታመሙ እርስዎ ተሸካሚ፣ ማለትም የተበላሸውን መመሪያ ይዘው ለልጅ ሊያስተላልፉ የሚችሉ ነዎት ማለት ነው፤ ይህም ከእናትዎ የደረሰ እንጂ በእርግዝና ጊዜ በበሉት፣ ባነሡት ወይም በደነገጡት ነገር የመጣ አይደለም። ለአማትዎ ይህንንም ይንገሩልኝ፦ ከሦስት ታማሚዎች አንዱ ያህል እናቱ ተሸካሚ ሳትሆን፣ ለውጡ በእሱ ላይ አዲስ ተፈጥሮ የሚታመም ነው። ሴት ልጅዎ ተሸካሚ የመሆኗ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው፤ ምርመራው ግን አድጋ ራሷ ስትፈልግ ቢሆን ይሻላል። የተሸካሚ ሴት ልብም ሊደክም ስለሚችል እርስዎ የልብ አልትራሳውንድ ይነሡ።

ሌላ አንድ ነገር። ልጁ ለማንኛውም ቀዶ ሕክምና፣ ለቶንሲልም ቢሆን፣ ከመግባቱ በፊት ሰመመን ሰጪው በሽታውን ማወቅ አለበት፤ ሰክሲኒልኮሊን የሚባለው መድኃኒት ልቡን በድንገት ሊያቆመው ይችላል።

አባት ከፒያሳ፦

የእኔ ልጅ 13 ዓመቱ ነው፤ መራመድ ያቆመው በ11 ዓመቱ ነው። ወጌሻውን በተመለከተ እኛም ሞክረናል፤ በኃይል የሚጎትት እጅ ለተሰነጣጠቀ ጡንቻ ጉዳት እንጂ ፈውስ የለውም። ፊዚዮቴራፒስቷ ያሳየችን ማታ ማታ ተረከዙን ይዞ ጣቶቹን ቀስ አድርጎ ወደ ቅልጥሙ መግፋትና ጥቂት ማቆየት ነው። ልጄ በዚያች ሰዓት የትምህርት ቤቱን ወሬ ሁሉ ስለሚነግረኝ፣ ማን ማንን እንደሚያክም አላውቅም።

ከባዱ ስሕተት የእኔ ነው። ሐኪሙ ፕሬድኒሶሎን አዞለት ነበር፤ በሽታውን አያድንም፣ የመራመጃውን ዘመን ግን ያራዝማል። እናቴ እንጦጦ ጸበል ስትወስደው "ከጸበል ጋር አይሄድም" ተብሎ መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ተቋረጠና፣ በሳምንቱ እያስታወከ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ለጥቂት ደረስን። ለወራት ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚተው፣ ድንገት ማቆም ሕይወት እንደሚያሳጣ የተነገረኝ ያን ዕለት ነው። ጸበሉን አሁንም ይጠጣል፤ ኪኒኑንም ይውጣል። ከተቻለዎት ቤቱን አሁኑኑ በምድር ቤት ይለውጡ፤ እኛ የዘገየነው እዚያ ላይ ነው።

የልደታዋ እናት፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዶክተሩን ጽሑፍ ለአማቴ ከነሙሉው አነበብኩላቸው፤ ዝም አሉ። ታናሽ እኅቴ በቅርቡ ታገባለች፤ ተሸካሚ መሆን አለመሆኗን ለማወቅ ሲኬ ይበቃታል?

ሐኪም ከአራት ኪሎ፦

አይበቃም፤ በብዙ ተሸካሚዎች ላይ ሲኬው ልክ ሆኖ ይገኛል። መጀመሪያ የልጅዎ የዘረመል ምርመራ ተሠርቶ መመሪያው የት ላይ እንደተበላሸ ይታወቅ፤ ከዚያ በእኅትዎ ላይ የሚፈለገው ያው ስፍራ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የእሱን ውጤት ወረቀት አይጣሉት።

የልደታዋ እናት፦

እሺ። ትናንት ማታ የወንድሜን ፎቶ አገኘሁ። ጃንሜዳ ለጥምቀት የተነሣው ነው፤ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ሆዱን ወደ ፊት ገፍቶ በእግሩ ጣቶች ቆሟል። ቤተሰቡ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚለው ታቦቱን ለማየት ሲንጠራራ ነው። ለሐኪሙ ይዤው ብሄድ ይጠቅም ይሆን?

ሐኪም ከአራት ኪሎ፦

ይዘውት ይሂዱ።