«ወጥ ሥራ» የተባለው የንግግር ጥበብ

ንባብ ወዳድ፦ ትናንት እዚሁ «ፕላቶ የንግግር ጥበብን ከወጥ ሥራ ቆጥሮ ስለ ቀበረው የሚያስተምረው ሁሉ ሽንገላ ነጋዴ ነው» የተባለውን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። በዚያው «ጎርጊያስ» በተሰኘው የፕላቶ ድርሰት ውስጥ የንግግር ጥበብ መምህሩ ጎርጊያስ የሚናገረው ለምን ተዘለለ? መድኃኒት አልጠጣም፣ አልቆረጥም፣ አልተኮስም ብሎ ሐኪሙን፣ የጎርጊያስን ወንድም፣ ያስቸገረውን በሽተኛ ያሳመነው ጎርጊያስ ራሱ አይደለምን?

ጠበቃው፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አላጥፈውም። ሐኪምና ወጥ ሠሪ በልጆች ፊት ለፍርድ ቢቀርቡ ሐኪሙ በረሃብ እንደሚሞት በዚያው ድርሰት የተናገረው የፕላቶ መምህር ሶቅራጥስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት አቴናውያን ሞት እንደ ፈረዱበት ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

የቋንቋ መምህርት፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ «ወጥ ሠሪ» በአማርኛ ስድብ አይሆንልዎትም። እኛ ዘንድ ወጥ የሚጣፍጥላት ሴት «ባለሙያ» ትባላለች፤ ሶቅራጥስ ግን የወጥ ሥራን የነቀፈው ልምድ እንጂ ሙያ አይደለም ብሎ ነው።

ጠበቃው፦ እንግዲህ ፕላቶ አማርኛ ባለመቻሉ ተረታ ማለት ነው።

ንባብ ወዳድ፦ ቀልዱን ትተን አርስቶትልን እንይ። ፕላቶ ወጥ ሥራ ለሥጋ የሆነውን የንግግር ጥበብ ለነፍስ ነው ብሎ ሁለቱን አቻ አድርጓቸው ነበር፤ ተማሪው አርስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ የጻፈውን መጽሐፍ ሲከፍት ያንኑ «አቻ» የሚለውን ቃል አንሥቶ የንግግር ጥበብ የሥነ ሙግት፣ ማለትም በጥያቄና መልስ የመከራከር ጥበብ፣ አቻ ነው አለ። ለክፋት ይውላል ለሚሉም ጉልበት፣ ጤና፣ ሀብትና የጦር መሪነትም እንዲሁ ናቸው ሲል መልሷል። ይህንን መምህሩን መጎነጥ ካላሉት ምን ይሉታል?

ጠበቃው፦ ታማኝ ደቀ መዝሙር እላለሁ! ይልቅ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ427 ዓመት፣ ጎርጊያስ አቴና በገባበት ዓመት፣ የአቴናው ፖለቲከኛ ክሌዎን በአቴና ላይ ያመፀችው የሚቲሌኔ ከተማ ወንዶች ሁሉ እንዲገደሉ ሕዝቡን እንደ አሳመነ አይርሱ።

የቋንቋ መምህርት፦ በማግስቱ ውሳኔውን ያስቀለበሰው የአቴናዊው የዲዮዶቶስ ንግግር አይደለም እንዴ? የግድያውን ትእዛዝ ይዛ የሄደችውን መርከብ ተከትላ የተላከችው ሁለተኛዋ መርከብ ቀዛፊዎቿ በወይንና በዘይት የተለወሰ ገብስ ከመቅዘፊያው ሳይነሡ እየበሉ፣ በየተራ እየተኙ ደርሳ ነው ከተማይቱ የተረፈችው። ይህም ወጥ ቤት ከሆነ እኔ እዚያው ልቅር።

ጠበቃው፦ ሁለቱም በአንድ ጥበብ ከተናገሩ፣ ሐኪሙ ማን፣ ወጥ ሠሪው ማን እንደ ነበር ጥበቡ ራሱ ሊለይልን አልቻለም ማለት ነው። ትናንትም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ንባብ ወዳድ፦ ትናንት ያሉት «ሽንገላ ነጋዴ» ነበር፤ ከፍ ብለው ያንብቡት።