ኩባንያችን ከሌላ አየር መንገድ ጋር ሊዋሃድ ነው፤ ፓኬጁን ልውሰድ ወይስ ልጠብቅ?

የራምፑ ልጅ

ሰላም ወገኖች። አሜሪካ ውስጥ አየር መንገድ ላይ የምትሰሩ ወይም የሰራችሁ ካላችሁ ምክር እፈልጋለሁ። እኔ ራምፕ ላይ ነኝ፣ ሻንጣ መጫንና ማውረድ። የኩባንያውን ስም አልጠራም፣ ከትልልቆቹ አይደለም። ዩኒየን (የሰራተኛ ማህበር) አለን። አስር ዓመት ሊሞላኝ ነው። የጠዋት ሺፍት ያገኘሁት ግን ገና በቅርቡ ነው፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የማመጣው በሱ ነው።

አሁን ኢኮኖሚው ቀዘቀዘ፣ ሰው ትኬት መግዛት ቀነሰ ተብሎ በረራ ተቆረጠ። ኦቨርታይም ቆመ። ከዛ ደግሞ ከሌላ ትልቅ አየር መንገድ ጋር ልንዋሃድ ነው የሚል ወሬ መጣ፣ ወሬው ሳይበርድ በፈቃዳቸው ለሚለቁ ፓኬጅ ወጣ። የተወሰነ ወር ደሞዝና ለጊዜው ነፃ በረራ። ማናጀሮቹ «ማንም አይነካም» ይላሉ። የዩኒየኑ ሰዎች «ምንም እንዳትፈርሙ» ይላሉ። ብሬክ ሩም ውስጥ ደግሞ ሁሉም የየራሱን ያወራል።

ሲዋሃዱ ዓመቴ ይቆጠርልኛል ወይስ እንደ አዲስ ሰው ከታች ነው የምጀምረው? ሃብ ወደሆነ፣ ማለትም አየር መንገዱ መንገደኛውን ሰብስቦ ወደሚያሸጋግርበት ከተማ ትራንስፈር ብጠይቅስ? ባለቤቴም እዛው ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋለች፣ እሷ ግን የኮንትራክተር፣ አየር መንገዱ ስራውን በውል የሰጠው የሌላ ድርጅት ሰራተኛ ናት። ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ስራ ካጣን ሞርጌጁን በምን እንደምንከፍል እንጃ። እንቅልፍ አጥተናል።

የሚኒሶታ በረዶ

አይዞህ ወንድሜ። ከዓመቱ ነገር ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ ከሱ ነው የሚመጣው። አየር መንገድ ውስጥ ሺፍትህ፣ የዕረፍት ቀንህ፣ ማን ይቀነሳል የሚለውም ጭምር በሲኒየሪቲ ነው፣ በሰራህበት ዓመት በሚደረደር ዝርዝር ማለት ነው። ቅነሳ ከዝርዝሩ ግርጌ ይጀምራል። ስለዚህ ውህደት ሲመጣ ትልቁ ጥያቄ ሁለቱ ዝርዝሮች እንዴት ይቀላቀላሉ የሚለው ነው።

በ2001 አሜሪካን ኤርላይንስ ቲ ደብሊው ኤ የሚባለውን አየር መንገድ ሲገዛ የቲ ደብሊው ኤ ሆስተሶች በሙሉ ከአሜሪካን ሆስተሶች ዝርዝር በታች ተለጠፉ። ዕድሜዋን ሙሉ የበረረች ሴት ትናንት ከተቀጠረች ልጅ በታች ሆነች ማለት ነው። ከዛ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት መጣ፣ ገበያው ወደቀ፣ በ2003 አጋማሽ ላይ ከነሱ አንድም ሰው ስራ ላይ አልነበረም። ያ ጉድ ነው ሕግ ያስወጣው። የሚዙሪ ሴናተሮች ማካስኪልና ቦንድ በስማቸው የሚጠራውን ሕግ በ2007 መጨረሻ አሳለፉ። ሁለት አየር መንገዶች ሲዋሃዱ የሰራተኛው ዝርዝር ፍትሃዊ በሆነ መንገድ ይቀላቀል፣ ካልተስማሙ በገላጋይ ይታይ ይላል። ዝም ብለው ከታች ሊለጥፉህ አይችሉም።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። በሁለቱም ኩባንያ ያለው ዩኒየን አንድ ዓይነት ከሆነ የሚሰራው የዩኒየኑ የራሱ ደንብ ነው። ስለዚህ ነገ ስራ ስትገባ ወዲያኛው ኩባንያ ራምፕ ላይ የትኛው ዩኒየን እንዳለ ጠይቅ። ጭራሽ ዩኒየን ከሌላቸው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ ከውህደቱ በኋላ ለሁለታችሁም አንድ ላይ ድምፅ ይሰጣል፣ የናንተ ዩኒየን ተሸንፎ ሊወጣም ይችላል።

ሌላው፣ ቀንህ ሁለት ነው። ኩባንያው የቀጠረህ ቀን አለ፣ አሁን ያለህበት የስራ መደብ ውስጥ የገባህበት ቀን አለ። ለዕረፍትና ለነፃ በረራ የሚቆጠረው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው፣ ለሺፍትና ለቅነሳ ሁለተኛው ነው። ሌላ ክፍል ሰርተህ ወደ ራምፕ ከመጣህ አስር ዓመት ያልከው አስር ላይሆን ይችላል። የተለጠፈውን ዝርዝር እይ፣ ስህተት ካለ አሁኑኑ በጽሑፍ አቅርብ። ከተዋሃዱ በኋላ ማንም አይሰማህም።

ፊኒክስ ያለሁት

በረዶ ያለው ልክ ነው፣ ግን «ፍትሃዊ» የሚለው ለማን ነው የሚለው ላይ ስንት ሰው ተፋጅቷል መሰላችሁ። እኛ ከተማ ያሉ ሰዎች የዩኤስ ኤርዌይስንና የአሜሪካ ዌስትን ነገር ስታነሳባቸው እስካሁን ፊታቸው ይለዋወጣል።

በ2005 ተዋሃዱ። የምስራቆቹ የዩኤስ ኤርዌይስ ፓይለቶች ረጅም ዓመት የሰሩ ናቸው፣ ግን ኩባንያቸው ሁለቴ ባንክራፕሲ (ኪሳራ) ገብቶ ብዙዎቹ ፈርሎው ላይ ነበሩ፣ ማለትም ተቀንሰው እስኪጠሩ የሚጠብቁ። የምዕራቦቹ የአሜሪካ ዌስት ፓይለቶች ወጣት ናቸው፣ ግን ሁሉም ስራ ላይ ናቸው። ምስራቆቹ «በቅጥር ቀን ይደርደር» አሉ። ምዕራቦቹ «እናንተ እኮ ኩባንያችሁ ሊዘጋ ነበር፣ ቤት ተቀምጦ የነበረ ሰው መጥቶ የኔን ወንበር ሊወስድ ነው?» አሉ። ነገሩ ኒኮላው ለሚባል ገላጋይ ተሰጠ፣ በ2007 ወሰነ። ከላይ ያሉትን ጥቂት መቶ የምስራቅ አንጋፋዎች ጫፍ ላይ አስቀመጠ፣ ፈርሎው ላይ የነበሩትን ከታች አደረገ፣ መሃሉን በመጠን ቀላቀለ።

ምስራቆቹ በቁጥር ይበልጡ ነበር። ምን ያደርጋሉ? በ2008 ድምፅ ሰጥተው የድሮውን ማህበር ራሱን አባረሩት፣ በቅጥር ቀን አስደረድራለሁ የሚል አዲስ ማህበር አቋቋሙ። ምዕራቦቹ ከሰሱ። ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ዓመታት ሄዱ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ የጋራ ኮንትራት አልነበራቸውም። ምስራቆቹ ባንክራፕሲ ላይ እያለ በተቆረጠ ደሞዝ መብረራቸውን ቀጠሉ። ማኔጅመንቱ ምን ጎደለበት? ርካሽ ፓይለት አገኘ፣ ጠቡ ደግሞ የሰራተኛና የሰራተኛ ነው። ነገሩ በ2013 ከአሜሪካን ጋር ሌላ ውህደት እስኪመጣ አልተፈታም።

ይሄን የምለው ላስፈራራህ አይደለም፣ ራምፕ እንደ ፓይለት አይደለም፣ የደሞዝ ልዩነቱም ያን ያህል አይሰፋም። ግን ብሬክ ሩም ውስጥ «እነዛ ሊወስዱብን ነው» የሚል ወሬ መነሳቱ አይቀርም። ወሬውን የሚያራግበው ሰው ዝርዝሩ ላይ የት እንዳለ እይና ከዛ ስማው።

አትላንታ ነኝ

እኔ ከናንተ ትንሽ እለያለሁ። ዩኒየን ዩኒየን ትላላችሁ፣ ዩናይትድ ሁሉም ዩኒየን ነበረው አይደል? በ2002 መጨረሻ ባንክራፕሲ ገባ፣ በ2005 የሰራተኛውን ጡረታ በሙሉ ለመንግስት ዋስትና ድርጅት ጥሎት ሄደ። ያኔ በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ የጡረታ ክስረት ነበር። ኮንትራቱ የት ሄደ? ዳኛ ፊት ሲቀርብ ወረቀት ነው። አድማ ልምታ ብትልስ? አየር መንገድ የሚተዳደረው በ1926 በወጣ የባቡር ሕግ ነው፣ የመንግስት አደራዳሪ «በቃ አልተስማሙም» ብሎ ካልለቀቀህ ከዛም 30 ቀን ካልጠበቅክ በኮንትራት ጉዳይ ስራ ማቆም አትችልም። አደራዳሪው ደግሞ ለዓመታት ዝም ሊል ይችላል።

ዴልታን እዩ። ከኖርዝዌስት ጋር በ2008 ተዋሃደ፣ ነዳጁ በርሜል 147 ዶላር በነካበት ዓመት፣ ባንኮቹ በሚንኮታኮቱበት። ሆስተሶቹ በ2010 ዩኒየን እንግባ አንግባ ብለው ድምፅ ሰጡ፣ በ328 ድምፅ ልዩነት አንገባም አሉ። ኮቪድ ጊዜ አሜሪካንና ዩናይትድ ኦክቶበር 2020 ላይ ባንድ ቀን 32,000 ሰው ሲያሰናብቱ ዴልታ ከ17,000 በላይ ሰው በፓኬጅ አስወጥቶ ሆስተሱንም የምድር ሰራተኛውንም በግዴታ ሳይቀንስ አለፈው። ፓኬጅ ሁሉ ወጥመድ አይደለም። ጡረታ የደረሰ ሰው ቢወስደው ደግ አደረገ ነው የምለው። አንተ ግን ገና ነህ፣ እሱን አስብበት።

የሚኒሶታ በረዶ

አትላንታ፣ 328 ድምፅ ስትል የቀረውን ጨርሰው እንጂ። ለዩኒየን ድምፅ የሰጠው 9,216 ሰው ነው፣ ሊያሸንፉ ምንም አልቀራቸውም። ከኖርዝዌስት የመጡት ሆስተሶች ለብዙ ዓመት የነበራቸውን ማህበር በዛች ልዩነት አጡ። የዴልታ ሰራተኞች ጥሩ ዓመት ላይ ትርፍ ይካፈላሉ፣ እሱን አልክድም። መጥፎ ዓመት ላይ ግን የተፈረመ ነገር የላቸውም።

ዩኒየን ሁሌ ያሸንፋል ብዬ አይደለም። እዚህ በ2005 የኖርዝዌስት መካኒኮችና ጽዳቶች፣ 4,400 ያህል ሰው፣ ስራ አቆሙ። ኩባንያው ተተኪ ሰው አዘጋጅቶ ጠብቋቸዋል። ከዛ የባሰው የሌሎቹ ማህበራት አባላት አጠገባቸው እያለፉ ስራ ገቡ። የቆየ ቂም ነበራቸው፣ የመካኒኮቹ ማህበር ድሮ አባል ነጥቆናል ነው የሚሉት። እና ተሸነፉ። በዓመቱ ኩባንያው ለሚቀነሱ ሰራተኞች «ገንዘብ የሚቆጥቡበት 101 መንገድ» የሚል ምክር በተነ፣ አንዱ ምክር ምን ነበር መሰለህ? ቆሻሻ ውስጥ የወደድከውን ነገር ለማንሳት አትፈር የሚል። ቀልድ አይደለም። ተጩሆባቸው ይቅርታ ጠየቁ።

ሂትሮው

ከለንደን ነኝ፣ አጭር ነገር ልጨምር። በ2009 ብሪቲሽ ኤርዌይስ ሰራተኛውን እስከ አንድ ወር በነፃ ስሩልን ብሎ ጠይቆ ነበር፣ አለቃው ዊሊ ዋልሽ ራሱም የጁላይ ደሞዙን ትቷል። የሱ አንድ ወር ደሞዝና የሻንጣ ጫኝ አንድ ወር ደሞዝ አንድ ነው እንግዲህ! ያኔ የካቢን ሰራተኞቹ የገና ሰሞን ለ12 ቀን ስራ ሊያቆሙ ድምፅ ሰጡ፣ ፍርድ ቤት ከለከላቸው። ምክንያቱ? ድምፅ ከሰጡት ውስጥ ሊለቁ የተስማሙ፣ ፓኬጅ የወሰዱ ሰዎች ነበሩበት። በ2010 ድጋሚ ድምፅ ሰጥተው አቆሙ፣ ኩባንያው የነፃ በረራ መብታቸውን ነጠቀ፣ እሱን ለማስመለስ እስከ 2011 ወሰደባቸው። ነፃ በረራ ስጦታ ነው፣ ሲፈልጉ ይወስዱታል። በሱ አትማለል።

የድሮ ሜምፊስ

ልጄ፣ ስለ ትራንስፈሩ ማንም አልመለሰልህም። ሃብ ስለሆነ ብለህ ቤተሰብህን ጭነህ እንዳትሄድ። በውህደት ቀድሞ የሚመታው ሁለተኛው ሃብ ነው። ሴንት ሉዊስ የቲ ደብሊው ኤ ሃብ ነበረች፣ አሜሪካን ከገዛ በኋላ በ2003 በረራዋ ተቆርጦ ባዶ ቀረች። ሜምፊስ የኖርዝዌስት ሃብ ነበረች። ከዴልታ ጋር ሲዋሃዱ ሃብ አይዘጋም ተብሎ ነበር፣ አትላንታ ግን ቅርብ ናት፣ ሁለቱን ምን ያደርጋሉ? በ2013 ሃብነቷ አበቃ። ክሊቭላንድም ኮንቲኔንታልና ዩናይትድ ከተዋሃዱ በኋላ እንደዚሁ፣ በ2014።

ካርታ አውጣና የሁለቱን ኩባንያ ከተሞች ምልክት አድርግ። አንዱ ከሌላው በአንድና በሁለት ሰዓት በረራ ከተቀራረበ ትንሹ አደጋ ላይ ነው። አሁን ያለህባት ከተማ የራሷ መንገደኛ ያላት ከሆነች፣ ሰው ለመሸጋገር ሳይሆን ለመድረስ የሚመጣባት ከሆነች፣ ከትንሽ ሃብ ትሻላለች። ደግሞም አዲስ ጣቢያ ስትሄድ እዛ ያሉት ካንተ የቆዩ ከሆኑ የጠዋት ሺፍትህን እርሳው፣ ሌሊት ነው የምትገባው።

የራምፑ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ሜምፊስ፣ ካርታውን አሁን አይቼው ነበር፣ ልጠይቅበት ያሰብኩት ከተማ ልክ እርስዎ እንዳሉት ነው፣ ከነሱ ትልቁ ሃብ የአንድ ሰዓት በረራ ነው። ተውኩት። ወዲያኛው ኩባንያ ያለው ዩኒየን ደግሞ ከኛ የተለየ ነው አሉኝ። የባለቤቴ ነገር ግን አልገባኝም፣ እሷስ?

እታለም ዲሲ

የሷ ነገር ከአንተ ይለያል ወንድሜ። እኔም ኤርፖርት ላይ በኮንትራክተር ነው የምሰራው፣ እዚህ ዊልቸርና ካቢን ጽዳት ላይ ግማሹ አማርኛ ተናጋሪ ነው። አየር መንገዶች ሲዋሃዱ ብዙ ጊዜ የሁለቱንም ኮንትራክተር አይዙም፣ አንዱን ብቻ ይዘው ይቀጥላሉ። ያ ማካስኪል ምናምን ያላችሁት ሕግ የአየር መንገዶቹን ሰራተኞች ነው የሚመለከተው፣ የሷን ዝርዝር ማንም አይቀላቅልም። የቀረው ኮንትራክተር ቢቀጥራት እንኳን እንደ አዲስ ሰው ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ከተሞችና ኤርፖርቶች ኮንትራክተር ሲቀየር የድሮው ሰራተኛ ለተወሰነ ጊዜ እንዲቀጥል የሚያስገድድ ደንብ አላቸው፣ የናንተ ኤርፖርት እንዳለው ትጠይቅ። ዲሲ አካባቢ 32 ቢ ጄ የሚባለው ማህበር የኮንትራክተር ሰራተኞችን እያደራጀ ነው፣ እናንተ ጋ የሚመስለው ካለ ሂዱ።

100 እና ከዛ በላይ ሰራተኛ ያለው ድርጅት በጅምላ ሲቀንስ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት አለበት፣ ይሄ ለሷም ላንተም ይሰራል። የጤና ኢንሹራንሱ በማን ነው ያለው? ባንተ ከሆነ ፓኬጁን ከመፈረምህ በፊት እስከ መቼ እንደሚሸፍን አንብብ። ከዛ በኋላ ኮብራ የሚባል፣ ከስራ ከወጣህም ያንኑ ኢንሹራንስ የምትቀጥልበት መንገድ አለ ይሉሃል፣ 18 ወር ይቆያል፣ ግን ኩባንያው ይከፍል የነበረውንም አንተ ነህ የምትከፍለው፣ ለቤተሰብ ዋጋው ያስደነግጣል።

ደግሞ ይሄን እወቅ፣ ከተቀነስክ ተመልሶ የመጠራት መብት አለህ፣ ሲኒየሪቲህም ኮንትራቱ እስከሚለው ጊዜ ይጠበቃል። ፓኬጅ ከወሰድክ ግን በገዛ ፈቃድህ ለቀቅክ ነው። መጠራት የለም፣ ስራ ላጡ የሚከፈለውንም አንዳንድ ስቴት ሊከለክልህ ይችላል። ፓኬጁ የስንት ወር ደሞዝ እንደሆነ አልነገርከንም፣ እሱን ጻፈውና አብረን እናስላው። የመፈረሚያው ቀን መቼ ነው?

የራምፑ ልጅ

እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ዛሬ ማታ ከስራ ስወጣ ወረቀቱን አምጥቼ ዋና ዋናውን እዚህ እጽፈዋለሁ። ኢንሹራንሱ በኔ ነው፣ እሱን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር።