ክርክር፦ ባሕሩ እየሞቀ ኮራል መትከል ምን ይፈይዳል?

አራት ኪሎ፦
ትናንት ማኪያቶ ይዘን የጀመርነው ክርክር ሳይቋጭ መሸብን። እዚሁ ግሩፑ ላይ እንቀጥል። ጥያቄው ይሄ ነው፦ የሞተ ሪፍ (ኮራል እየተደራረበ ባሕር ውስጥ የሚገነባው ክምር) ላይ አዲስ ኮራል መትከል ያዋጣል ወይስ ገንዘብን ባሕር ውስጥ መጣል ነው? ትናንት ላልነበራችሁ ባጭሩ፦ ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ሰውነቱ ውስጥ ደቃቅ አልጌ ይኖራል፤ ቀለቡን በአብዛኛው የሚሰፍርለት እሱ ነው። ውሃው ከለመደው የበጋ ሙቀት በ1 ዲግሪ ከፍ ብሎ ሳምንታት ከቆየ ኮራሉ አልጌውን ያስወጣና ይነጣል። ቶሎ ካልበረደ በረሃብ ይሞታል።

ካዛንቺስ፦
እኔ ከትናንቱ አቋሜ ንቅንቅ አላልኩም። ፍሎሪዳን እዩ። ሰዎቹ ባሕር ውስጥ ችግኝ ጣቢያ ሠርተው፣ ቁርጥራጭ ኮራል አንጠልጥለው፣ ለዓመታት አሳድገው ተከሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በጋ ሙቀቱ ፈጀው። ሶምብሬሮ በሚባለው ሪፍ ላይ የነበረው ኮራል አንድም ሳይቀር ማለቁን የተናገሩት ራሳቸው ተካዮቹ ናቸው። ከየጣቢያው የተረፈውን እያወጡ የብስ ላይ ወዳለ ገንዳ አሸሹት። በዚያ ላይ ወጪው! የብዙ ፕሮጀክቶች ሒሳብ ተሰብስቦ ሲታይ መካከለኛው ዋጋ ለአንድ ሄክታር 400,000 ዶላር ገደማ ነው። የተመድ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 በግልጽ ነግሮናል፦ ዓለም በ1.5 ዲግሪ ከሞቀች ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ኮራል ይጠፋል፤ በ2 ዲግሪ ከሞቀች ከ99 በመቶ በላይ። ገንዘቡ ከሰልና ነዳጅን ለመተካት ይዋል።

ስድስት ኪሎ፦
ልጄ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ግን ሪፍ ሁሉ በአንድ በሽታ አይሞትም። ኢንዶኔዥያ፣ ሱላዌሲ አጠገብ ያለው የተገደለው በፈንጂ ነው። ዓሣ ለማጥመድ ፈንጂ ሲወረወር ኮራሉ ጠጠር ሆነ። ጠጠሩ ደግሞ ውሃው በተናወጠ ቁጥር ይንከባለላል። ከላዩ ያረፈ የኮራል ጨቅላ ተፈጭቶ ይቀራል። ስለዚህ ፈንጂው ከቆመ ከብዙ ዓመት በኋላም ሪፉ አያገግምም። መፍትሔው ምን ሆነ? ስድስት እግር ያለው፣ አሸዋ የተለበጠ የብረት ኮከብ። ጠላቂዎች ይዘውት ይወርዳሉ፤ ቁርጥራጭ ኮራል ያስሩበታል፤ ኮከቦቹን እርስ በርስ ያያይዟቸዋል። ጠጠሩ አደብ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት እንዳሳየው የተተከለው ሪፍ በ4 ዓመት ውስጥ እድገቱ ከጤነኛው ጎረቤቱ እኩል ሆነ።

እኔ ይሄ ነገር የገባኝ እንጦጦ ላይ ነው። ከተማሪዎቼ ጋር ችግኝ ተክለን በዓመቱ ስንመለስ ከብት ግጦታል። ጉድጓዱ አለ፣ ችግኙ የለም። እሾህ የታጠረላቸው ጥቂቶቹ ግን ጉልበቴን አልፈው ነበር።

ካዛንቺስ፦
መምህር፣ ፈንጂ ማስቆም ይቻላል። ሙቀቱን የትኛው አጥር ይመልሰዋል?

ሰንጋ ተራ፦
እኔ ልግባ። ሙቀት የሚችል ዘር መምረጥ ይቻላል እኮ። አፍንጫችን ሥር ያለውን ቀይ ባሕር ውሰዱ። ሰሜን ጫፉ ላይ፣ አቃባ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያለው ኮራል ከበጋው ሙቀት ጣሪያ በ5 ዲግሪ ገደማ ከፍ ባለ ውሃ ተፈትኖ ችሏል። ተመራማሪዎች የሚሰጡት ምክንያት ይሄ ነው፦ ከበረዶ ዘመን በኋላ ኮራሉ የገባው በደቡብ፣ በባብ ኤል መንደብ በኩል ነው። ደቡቡ ሞቃት ነው። ያልቻለ እዚያው ቀረ፣ የቻለ አለፈ። ሰሜኑ ቀዝቀዝ ስለሚል ያ ጥንካሬ እስከዛሬ አብሮት አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ማደሊን ቫን ኦፔንና ባልደረቦቻቸው አልጌውን ለብቻው አውጥተው ላብራቶሪ ውስጥ ለ4 ዓመት እያሞቁ አራቡት። ከዚያ ወደ ኮራል እጭ ሲመልሱት፣ አንዳንዱ ዝርያ እጩን ሙቀት እንዲችል አድርጎታል።

አራት ኪሎ፦
ይሄም ይታወቅ፦ ሙቀት የሚችል አልጌ የያዘ ኮራል ብዙ ጊዜ እድገቱ ዝግ ይላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳናኪል የወረድን ጊዜ ሹፌራችን መኪናውን አቁሞ «ኑ፣ ይሄን እዩ» አለን። ሜዳው ላይ የቆመው ድንጋይ ኮራል ነው። እጄን ሳሳልፍበት የአንጎል እጥፋት የመሰለው መስመር እስካሁን ይሻክራል። ከ120,000 ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር እስከዚያ ድረስ ገብቶ ነበር። በኋላ መግቢያው ተዘጋ፤ ውሃው ተነነ፤ ኮራሉ በቆመበት ደረቀ። «ባሕር የለን፣ ምን አገባን?» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ያ ድንጋይ ነው ትዝ የሚለኝ።

ካዛንቺስ፦
እሱስ ልብ ይነካል። ሒሳቤን ግን አልተውም። እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ጥናቶችን የገመገመ ጽሑፍ ከፕሮጀክቶቹ 60 በመቶው ክትትል ያደረጉት ከ18 ወር ላነሰ ጊዜ ነው ይላል። አንድ ከባድ በጋ እንኳ ሳያዩ «ተሳካ» ማለት ነው። ይሄ ያናድደኛል።

ስድስት ኪሎ፦
እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። ብዙው ኮራል ለመራባት የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው። በ18 ወር ውስጥ መውለዱን እንኳ አታይም። የሱላዌሲውም ቢሆን በብዛት የተተከለው ቶሎ የሚያድገው ቅርንጫፋሙ ዓይነት ነው፤ እሱ ደግሞ ሙቀት ላይ ስስ ነው። ቀስ ብሎ የሚያድገው ድቡልቡሉ አብሮ ካልገባበት እፈራለታለሁ።

ካዛንቺስ፦
እንግዲያው ቃሌ ይሄው መምህር። ገዳዩ በቆመበት ቦታ ተክሎ 10 ዓመት የሚከታተል ፕሮጀክት ካሳዩኝ ከደመወዜ አዋጣለሁ። ድምፄ ግን አሁንም ከሰሉን ለማስቆም ነው።